የአየር ጠባይና እንቦጭ

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ አንድ አረም ነው። አረም ደግሞ ለንግግር የሚበቃ ነገር ነወይ የሚል ሰው ቢኖር፣ ከደንቢያ እስከ ፎገራ በጣና ዳር የሚኖረውን ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ይጠይቅ። መረቡን ጥሎ በዓሣ ፈንታ ቅጠል የሚያወጣ፣ ታንኳውን የሚያሳልፍበት መንገድ የተዘጋበት፣ ከብቱን የሚያጠጣበት ዳር የጠፋበት ሰው፣ እንቦጭ የሚባለው ተክል የሚናቅ ነገር አለመሆኑን ከእኔ አሳምሮ ሊያስረዳ ይችላል። እኔ ግን ስለ ጉዳቱ ለማልቀስ አልቆምሁም፤ ይህን ጋዜጦች ብዙ ጊዜ ጽፈውታል። የቆምሁት ስለ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የአየር ጠባይ ለዚህ አረም ድል ማድረግ ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁበት ምክንያት በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም የሚደረገውን ክርክር ስሰማ ስለ ቆየሁ ነው። አንዱ ወገን «ዓለም እየሞቀች ስለ ሄደች ነው፤ እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን» ይላል። ሌላው ወገን «አየሩን ማን ጠራው? ጥፋቱ የሰው ነው» ይላል። የመጀመሪያው እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ጥሩ ምክንያት ያገኛል፤ ሁለተኛው ሰውን ሲወቅስ ይውልና መቼ ተነሥቶ መሥራት እንዳለበት ሳያውቅ ይመሻል። እንደ እኔ አስተያየት የአየር ጠባይ በእርግጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በሙቀት ብቻ አይደለም፤ ደግሞም የሚሠራባቸውን ወሮች ያወቀ ሰው እርሱም የሚሠራባቸውን ወሮች ያውቃል። የማስረዳው ይህንን ነው። በንግግሬ ውስጥ ዓ.ም. ብዬ ካልጠራሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

እንቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ሲሉት ቆይተው አሁን ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ይሉታል፤ ስሙን ቢለውጡለትም ጠባዩን አልለወጠም። የቅጠሉ ዘንግ እንደ ሽንኩርት ያበጠና አየር የሞላው ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ ሥሩ መሬት ሳይነካ ምግቡን በቀጥታ ከውኃው ይስባል። አበባው ወይን ጠጅ የሚመስል እጅግ ያማረ ነው፤ ከአገሩ አውጥተው በዓለም ላይ ከበተኑት ሰዎች ብዙዎቹ በውበቱ የተማረኩ አትክልት ወዳዶች ነበሩ። በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው፣ እናቲቱ ተክል በጎኗ ሐረግ እየዘረጋች ልጆች ታበቅላለች፤ ሁለተኛው በዘር ነው። ፔንፋውንድና ኧርል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሉዊዚያና ረግረጎች ያደረጉትን ጥናት በ1948 አሳትመዋል፤ ሁለት ተክሎች በአራት ወር ውስጥ 1,200 ልጆች ማፍራታቸው የተመዘገበው ያን ጊዜ ነው። በተመቸው ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል።

«በተመቸው ቦታ» ያልሁትን ቃል ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለእንቦጭ የሚመቸው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች እድገቱ ይቆማል፤ ከ34 ዲግሪ በላይም ሲሆን ይጎዳል። ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ነገር ግን ቅጠሉ መቃጠሉ ሞቱ አይደለም። ሥርና ቅጠል የሚገናኙበት አንገቱ ከውኃው በታች ስለሚቀመጥ፣ ውኃው ራሱ ካልቀዘቀዘ በቀር አንገቱ ይተርፋል፤ ብርዱም ሲያልፍ ከዚያው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። በሉዊዚያና በየክረምቱ ቅጠሉ ሲረግፍ በየጸደዩ ሲመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በስፔን አገር በጓዲያና ወንዝ ላይ በ2004 በታየ ጊዜም የአውሮፓ ብርድ ያጠፋዋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ፤ ብርዱ አዘገየው እንጂ አላጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ባወጣው የመጀመሪያ የተከለከሉ ባዕድ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ስሙን የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጣና እንምጣ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። የፊቱ ውኃ ሙቀት እንደ ወሩና እንደ ሰዓቱ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ገደማ ይመላለሳል። ይህ ለእንቦጭ ከሚመቸው ሙቀት ጥቂት ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ግን የሚከለክለው አይደለም። እንቦጩ በሐይቁ ላይ መግባቱ የታወቀው በ2011፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት አጠገብ ነው። እዚህ ላይ «ዓለም ስለ ሞቀች ነው» ለሚሉት ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። እንቦጭ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ቆቃ ከጣና በከፍታ የሚያንሰው በ200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከጣና ይልቅ ቀዝቃዛ በሆነ አየር ውስጥ እያለ ፊቱ በእንቦጭ ተሸፍኖ ታይቷል። ታዲያ አባ ሳሙኤልን ያልከለከለ ብርድ ጣናን ከልክሎ ኖሯልን? አይመስለኝም። የጣና አየር በ1965ም ቢሆን ለእንቦጭ በሩን አልዘጋም ነበር። አዋሽ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ የጣና ውኃ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ አንዱ ከሌላው በደጋ ተለያይቷል። እንቦጭ ደግሞ ክንፍ የለውም። ለ46 ዓመት ያህል በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ የሚያስገባው ሰው፣ ወይም መረብ፣ ወይም ጀልባ አልመጣም ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ማለቴ ግን የሙቀት መጨመር ከንቱ ወሬ ነው ማለቴ አይደለም። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የዓለም ሙቀት በአማካይ ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። አንድ ዲግሪ በኮት ለሚሄድ ሰው ኢምንት ነው፤ በ23 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለሚያድግና 26 ለሚመኘው ተክል ግን ብዙ ነው። ይልቁንም የሚያሳስበኝ ከ2,400 ሜትር በላይ ያሉት፣ እስከ ዛሬ ብርዳቸው ጥቂት የጠበቃቸው ውኆች ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣቸው ለገዳዲና ገፈርሳ ከነዚህ ይቆጠራሉ። ሙቀት የእንቦጭን አገር ወደ ላይ፣ ወደ ደጋ ያሰፋል። ጣናን ግን የሰጠነው ለሙቀት ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ ደንቢያ ሄጄ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በባሕር ሸሽ መሬታቸው ላይ ቆመው ከሽምብራው መካከል የደረቀ እንቦጭ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ባሕር ሸሽ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ውኃው ከክረምት በኋላ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ መሬት ነው። «አባባ፣ ይህ ነገር የሚብሰው በበጋው ሙቀት ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም ልጄ፤ የሚጠግበው ከክረምት ማግሥት ነው። በግንቦት አየኸው እንደ ሆነ እንደ ተራበ ከብት ከስቶ ነው የምታገኘው» አሉኝ። እኒህ ሰው ቴርሞሜትር አይተው አያውቁ ይሆናል፤ የተናገሩት ግን ከሳተላይት የተነሡት ሥዕሎች የሚያሳዩትን ነው። በጣና የእንቦጩ ስፋት ከክረምት በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይበዛል፤ በግንቦትና በሰኔ ያንሳል። ስለ ስፋቱ በየጊዜው የሚወጡት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ በጥቅምት የለካና በግንቦት የለካ ሰው አንድ ሐይቅ አይተው ሁለት ነገር ይናገራሉ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በግንቦት ፀሐዩ ይበረታል፤ ውኃውም ይሞቃል። ለእንቦጭ የጎደለው ታዲያ ምግብ ነው። የእንቦጭ ምግብ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ እነርሱን የሚያመጣለት ዝናብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከታረሰው ተዳፋት አፈሩን፣ ከማሳው ማዳበሪያውን፣ ከጎንደርና ከሌሎቹ ከተሞች እድፉን አጥቦ በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራና በግልገል ዓባይ ያወርደዋል። የወንዞቹን ቀለም በነሐሴ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሆኖም እዚያው በክረምቱ ውስጥ እንቦጭ እንደ ልቡ አይፋፋም፤ ደመናው ብርሃኑን ይቀንስበታል፤ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ምግቡ ቀርቦ እሳቱ የጠፋበት ቤት ማለት ነው። መስከረም ሲጠባ ደመናው ይገፈፋል፤ ምግቡ በውኃው ውስጥ ተዘጋጅቷል፤ ፀሐዩ ይመለሳል፤ ሐይቁም ሞልቶ በሜዳው ላይ ሳስቶ ተኝቷል። ያን ጊዜ ነው የሚፈነዳው። እንግዲህ የአየር ጠባይ ሥራ ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ ፀሐይ። ሙቀት ብቻውን ቢሆን የእንቦጭ ትልቁ ወር ግንቦት በሆነ ነበር።

ይህ በጣና ብቻ የሚታይ አይደለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ የኬንያ ወሽመጥ፣ ዊናም በሚባለው፣ እንቦጩ ለጥቂት ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2006 መጨረሻ ከባድ ዝናብ ወርዶ ወንዞቹ ደለልና ምግብ ወደ ወሽመጡ ባፈሰሱ ጊዜ፣ ወዲያው ተመልሶ በ2007 መጀመሪያ ላይ ውኃውን ሸፍኖታል። ዝናቡ ከሰማይ ነው፤ በዝናቡ ውስጥ የሟሟው ግን ከእኛ ማሳና ከእኛ ቱቦ ነው። «ጥፋቱ የሰው ነው» የሚለው ወገን እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን የሰው ጥፋት ወደ ሐይቁ የሚደርሰው በደመና ትከሻ መሆኑን ይረሳዋል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ያው ጥፋት በተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ ይቆያል።

ስለ ነፋስ በአጭሩ ልናገር። እንቦጭ ሥሩን በመሬት የተከለ ስላልሆነ ነፋስ እንደ መርከብ ይነዳዋል። ዛሬ በአንድ ቀበሌ የነበረው ነገ በሌላው ይገኛል፤ በዚህም ምክንያት «አጸዳን» የሚሉ ሰዎች ያጸዳላቸው ነፋስ የሆነበት ጊዜ አለ። በክፍት ባሕር ላይ ማዕበል ምንጣፉን ይሰነጣጥቀዋል። ጣና ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ያለው ዳርቻ እጅግ የተለጠጠ ሜዳ ነው። ማዕበሉ ወደዚያ ሲደርስ ኃይሉን ይጨርሳል። ሰሜን ምሥራቁ ክፍል ለእንቦጭ ጎጆ የሆነውም ስለዚህ ይመስለኛል።

የውኃው ከፍታ መውጣትና መውረድ ግን ጥቂት ሊያቆየን ይገባል፤ የጉዳዩ ተንኰል ያለው እዚያ ነውና። ሐይቁ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ከፍ ይልና እስከ ሰኔ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። በገደል ዳር አንድ ሜትር ምንም አይደለም፤ በደንቢያ ሜዳ ግን ብዙ ርቀት ማለት ነው። ውኃው ሲሸሽ እንቦጩ በጭቃው ላይ ይቀራል፤ ይደርቃልም። ገበሬው «ሞተልኝ» ይላል፤ እውነትም ተክሉ ሞቷል። ዘሩ ግን በጭቃው ውስጥ ነው። አንድ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ሊያወጣ ይችላል፤ ዘሩም እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይበላሽ ይቆያል ተብሏል። ደግሞም ለመብቀል የሚወደው ጥልቅና ጨለማ ውኃ ሳይሆን ብርሃን ያገኘ፣ ሞቅ ያለ፣ እርጥብ ጭቃ ነው። ስለዚህ ድርቅ ለተክሉ ጠላት፣ ለዘሩ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ውኃው እጅግ በሸሸበት ዓመት ብዙ ጭቃ ይገለጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ሲመለስ በዚያ ጭቃ ላይ የበቀለውን ችግኝ አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። የአየር ጠባይ በመለዋወጡ የሐይቁ መውጣትና መውረድ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፣ ከአንድ ዲግሪ ሙቀት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ወደ ተከራከሩበት ነገር ልለፍ። እንቦጭ በአገሩ በደቡብ አሜሪካ ጠላቶች አሉት። ከነዚህ ሁለቱ የነቀዝ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ኒኦኬቲና አይኮርኒዬ እና ኒኦኬቲና ብሩኪ ይባላሉ። ትሎቻቸው የቅጠሉን ዘንግ እየቦረቦሩ ያበሰብሱታል። ዩጋንዳ እነዚህን ጥንዚዛዎች በ1993 በኪዮጋ ሐይቅ፣ በ1995 በቪክቶሪያ ላይ ለቀቀች፤ ኬንያም በ1997 ተከተለች። በ1998 መጨረሻ የዊናም ወሽመጥ ብቻውን 17,000 ሄክታር ያህል በእንቦጭ ተሸፍኖ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ1,000 ሄክታር ያነሰ ቀረ።

ማን አጠፋው? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። ዊሊያምስ፣ ዱቲና ሄኪ በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ በኤል ኒኞ ምክንያት የወረደው ያልተለመደ ዝናብ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ተናገሩ፤ ደመናው ብርሃኑን ቀነሰ፣ ሐይቁ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ አለ፣ ማዕበሉ ምንጣፉን ሰባበረ አሉ። ዊልሰንና ጓደኞቹ በ2007 መለሱላቸው፤ ጥንዚዛ አስቀድሞ በተለቀቀበት ስፍራ እንቦጩ አስቀድሞ ጠፋ፣ ዘግይቶ በተለቀቀበት ዘግይቶ ጠፋ፣ አየሩ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጊዜ ባጠፋው ነበር የሚል ነው የክርክራቸው ፍሬ። ለእኔ የሁለተኞቹ ማስረጃ ይበረታብኛል፤ የዊናም ወሽመጥ ከልክ በላይ የሞላው ያ ዝናብ ካለፈ ከወራት በኋላ ነውና። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ጨርሶ መጣል አይገባም። ጥንዚዛ የቦረቦረው ዘንግ ውኃ ገብቶት ከብዶ የተቀመጠ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምንጣፍ ማዕበል ቢመታው መበጣጠሱ አያስደንቅም። አንዱ አዳከመ፣ ሌላው ገፋ። አየር ለእንቦጭ ብቻ ሳይሆን ለእንቦጭ ጠላትም አየር መሆኑን ግን ሁለቱም ወገኖች ሊያስተምሩን ይችላሉ።

ይህን የሚያሳየው የደቡብ አፍሪካው የሃርትቤስፖርት ግድብ ነው። ከፍታው 1,160 ሜትር ገደማ፣ ከጣና እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከምድር ወገብ ርቆ በደቡብ 25 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለ ክረምቱ ውርጭ አለው። እዚያ ጥንዚዛዎቹ በቪክቶሪያ የሠሩትን ሳይሠሩ ቀሩ። ውርጭ ቅጠሉን ሲያቃጥል በዘንጉ ውስጥ ያለው ትል አብሮ ይሞታል፤ ተክሉ ከአንገቱ ያቆጠቁጣል፤ ጥንዚዛው ቁጥሩን እስኪሞላ ድረስ እንቦጩ ግድቡን ሞልቶ ይጠብቀዋል። ከከተሞቹ የሚፈሰው እድፍ ደግሞ ተክሉን ያፈጥነዋል። ብርድ እንቦጭን ይጎዳል ብለን ስንደሰት፣ ጠላቱን አብልጦ እየጎዳ ለእንቦጭ ሲያዳላ እናየዋለን ማለት ነው። በኋላ ሜጋሜለስ ስኩቴላሪስ የሚባለውን፣ ጭማቂውን የሚመጥ ትንሽ ተባይ ከ2018 ጀምሮ በብዛት እያራቡ በየጊዜው በመልቀቅ ውጤት አግኝተዋል። ቁም ነገሩ «በየጊዜው» የሚለው ነው፤ የአገሩ አየር የሚቀንሰውን ሰው በእጁ ይተካል።

ጣናስ? በሐይቁ ከፍታ ላይ ውኃው እንዲህ ያለ ብርድ አያውቅም። ስለዚህ ጥንዚዛው ቢለቀቅ እንደ ሃርትቤስፖርት በየዓመቱ ይጠፋል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ከቪክቶሪያ ይልቅ የጣና ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና በዚያው ፍጥነት ይራባል ብሎ ተስፋ ማድረግም አይገባም። «በቪክቶሪያ በሁለት ዓመት ጠፍቷል፣ እኛም በሁለት ዓመት» የሚል ሰው የከፍታውን ልዩነት ዘንግቷል። ጥንዚዛ የውኃውን ምግብ አይቀንስም፤ ስለዚህ የመገጭን እድፍና የተዳፋቱን እርሻ ጉዳይ የሚተካ አይደለም። በየትኛውም ባዕድ ፍጥረት ላይ እንደሚደረገው አስቀድሞ ሌላ ተክል የማይበላ መሆኑ በእኛው አገር መፈተን እንዳለበት መምህሮቻችን ያውቁታልና አላስረዝመውም።

እስከዚያው ድረስ ያለን መሣሪያ የሰው እጅና ማጨጃ መኪና ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር ያህል ትልቅ ዘመቻ ተደርጎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለውን ገበሬ ድካም የሚያቃልል ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን ስለ ወሩ መናገር ይፈቀድልኝ። ጥቅምት እንቦጭ እጅግ የሚታይበት ወር ነው፤ የሚታይ ነገር ሰውን ያስነሣል፣ ፎቶግራፍም ያምራል። ደካማ የሚሆንበት ወር ግን አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን ነው ብንል፣ በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሄክታር የነበረው በጥቅምት መጨረሻ፣ በ12 ሳምንት ገደማ፣ 64 ሄክታር ይሆናል። የጣና ውኃ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ በአራት ሳምንት ነው እጥፍ የሚሆነው ብንል እንኳ 8 ሄክታር ይሆናል። እርግጥ ቦታው ሲጠብበት እንዲህ በሒሳብ አይሄድም፤ የነገሩን መንገድ ግን ያሳያል። በግንቦት አንድ ሄክታር የነቀለ ሰው በጥቅምት ከስምንት እስከ ስድሳ አራት ሄክታር እንደ ነቀለ ይቈጠርለታል። ደግሞ በጥቅምት ተነቅሎ በዳር የተከመረው ብዙው አብቦ ዘሩን ከጣለ በኋላ ነው። ክምሩም በሜዳው ላይ ሩቅ ካልተወሰደ በሚቀጥለው ነሐሴ ውኃው መጥቶ ይወስደዋል።

«ታዲያ ለምን በግንቦት አልተደረገም?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ቀላል አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ገበሬው ማሳውን ይደጋግማል፤ በሬውም ጉልበቱም የተያዘ ነው። በዚያን ጊዜ በሐይቁ ዳር ያለው እንቦጭ ጥቂትና የተበታተነ ስለ ሆነ ለዘመቻ የሚያስነሣ አይመስልም። ለጥቂት እንቦጭ ማን ገንዘብ ይመድባል? ጭቃውም ለመኪና አይመችም። የእኛ የተማሪዎች ዕረፍት እንኳ የሚውለው ከሐምሌ በኋላ፣ ዝናቡ ምግቡን ማውረድ ከጀመረ ወዲህ ነው። ስለዚህ የምለው የገበሬው ጉልበት በነጻ ሊጠየቅ አይገባም ነው፤ በግንቦት ለሚሠራው ቀን የሚከፈለው ገንዘብ በጥቅምት ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ቢቀነስ ሒሳቡ ያዋጣል።

እኛ ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ወጪም የለበትም። ከመካከላችን ቤታቸው በሐይቁ ዳር፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሆኑ አሉ። ከነርሱ ጋር ተነጋግረን በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ የታወቀ ቦታ፣ ጎሕ ሲቀድና ቀትር ላይ የውኃውን ሙቀት ለመለካት፣ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር በሆነ የቀርከሃ ክፈፍ ውስጥ ያለውን ተክል ለመቍጠር፣ ውኃው ከታወቀ ድንጋይ ወይም ዛፍ ስንት እርምጃ እንደ ሸሸ ለመጻፍ አስበናል። በአንድ ዓመት አሥራ ሁለት ቁጥር ይኖረናል። የእንቦጩ ወር የትኛው እንደ ሆነ በወሬ ሳይሆን በደብተር ልንከራከር የምንችለው ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ ሥራ አራት ቴርሞሜትር ያስፈልገናል። ከባዮሎጂና ከጂኦግራፊ ክፍል መምህራን ሊያበድሩን የሚፈቅዱ ቢኖሩ፣ ወይም ለመለካት ስሙን የሚሰጥ ተማሪ ቢኖር፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ እቆያለሁ። የመጀመሪያው ልኬት በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት እንዲሆን ነው የታሰበው።